የይታይሽ አበቦች በእኔ ካርድ ላይ

ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልወድም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ቂርያት መናሔም በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ስለ እኔ ሲወራ የኖረውን የሰማችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያልሰማችሁም አንብቡት፤ ሌላው ቢቀር ለአሮጌ ማሽን ምን ዓይነት ሚሞሪ ካርድ እንደሚሆን ታውቁበታላችሁ። እኔ ያወቅሁት በጭንቅ ነው።

አበዙ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ሳሎኔ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር አሮጌ የጥልፍ ማሽን አለኝ። ጣቶቼን ቁርጥማት ሳይዛቸው በፊት በእጄ እጠልፍ ነበር፤ አሁን የሚጠልፈው ማሽኑ ነው። ጥልፉ ያለው ቴምብር በምታክል ካርድ ላይ ነው። ካርዷን ከጎኑ ስሰካት ሥዕሉ በትንሿ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ክሩን አስገባለሁ፤ መርፌው ሥራውን ይጀምራል።

በካርዴ ላይ ያለው የእናቴ ሐረግ ነው። ሐረጉ ብቻ። አበቦቹ የሉም። የሌሉበት ምክንያት ደግሞ ይታይሽ ናት።

ይታይሽ የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። ጎንደር ሳለን እኔ ወደ ወገራ ተድሬ ስሄድ እሷ ሙሽራ ሆና እናቴ ቤት ገባች። ጥልፍ ከእናቴ ተማረች። እናቴም የሞተችው በእሷ እጅ ላይ ነው። ወደዚህ አገር ስንመጣ የእናቴን ጥልፍ ያለበትን ልብስ ለብሳው የመጣችው እሷ ናት። ልብሱ አርጅቶ ከመበጣጠሱ በፊት ከተማ ውስጥ ሽሙኤል የሚባል ሽማግሌ ልብስ ሰፊ በኮምፒውተር ስሎ ካርድ ላይ አወጣልን። ሁለታችንም አጠገቡ ተቀምጠን ነበር። ያን ጊዜ ገና እንነጋገር ነበር።

እኔ ጥልፉን ለሙሽሮች ልብስ መሥራት ስጀምር ይታይሽ በሽማግሌ ከሰሰችኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገረችው ይኸው ነው፦ «እናቷ በሞት አልጋ ላይ ሆና ስትጠራት ያልመጣች ሴት የእናቷን እጅ አትወርስም።» እኔ ማንም አልጠራኝም አልኩ። እሷ ወደ ገበያ በሚወርድ ሰው ልኬባታለሁ አለች። ሰውዬው ሞቷል፤ ምስክር የለም። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ማውጣት ቢያቅታቸው መሬት እንደሚከፍሉ አድርገው ጥልፉን ከፈሉት። ሐረጉ ለእኔ፣ አበቦቹ ለእሷ፣ እያንዳንዱ በየካርዱ። ሁለታችን ሳንስማማ የአንዷ ድርሻ በሌላዋ ካርድ ላይ እንዳያርፍ፣ ሁለቱም በአንድ ካርድ ላይ እንዳይገናኙ በኦሪት አስማሉን። ሽሙኤል ከእኔ ካርድ ላይ አበቦቹን ሲያጠፋ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሽሙኤልም ሞተ፤ ሙሉውን ጥልፍ የሠራ ሰውም የለም። በእኛ ሕንፃ ያሉ ሴቶች ግን ስም አወጡልኝ፦ «የተጠራችው»፣ ተጠርታ የቀረችው ለማለት። ደረጃ ላይ ሳልፍ ሹክ ሲሉ እሰማቸዋለሁ። ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለፈው ክረምት ለጸሎት ቤታችን፣ ለምኩራባችን፣ አዲስ የኦሪት ጥቅል ሊገባ ሆነ። ቄሳችን ጥቅሉ የሚለብሰውን መጎናጸፊያ እኔ እንድሠራው፣ ጥልፉም አገር ቤት ለቀሩት እናቶች መታሰቢያ የእናቴ ጥልፍ እንዲሆን ፈለጉ። ሙሉውን፣ ሐረጉን ከነአበቦቹ። ጊሎ የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄደው ይታይሽን ለመኗት። ካርዷን ለማዋስ እሺ አለች፤ ግን በአንድ ቃል፦ የእኔን ከእሷ ጋር እንዳትደባልቅ፣ መሐላው መሐላ ነው። እኔም ተስማማሁ። በእኔ ካርድ ሐረጉን፣ በእሷ ካርድ አበቦቹን እሠራለሁ፣ እመልስላታለሁ። ኦሪቱ የሚገባው እሑድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሐረጉን በመጎናጸፊያው ሰማያዊ ከፋይ ጨርቅ ላይ ጨርሼ ነበር። ቄሱ የይታይሽን ካርድ በነጠላ ጫፍ ጠቅልለው አመጡልኝ። እሳቸው እንደወጡ ሰካሁት።

ማሽኑ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፣ ከሥሩ ሁለት አዝራሮች። እንግሊዝኛ አላነብም፤ ከቃላቱ መካከል ግን አንዷን በመልኳ አውቃታለሁ። ሽሙኤል ወረቀት ላይ ጽፎ ያሳየኝ ቃል ናት፦ ፎርማት። «ይህችን ካየሽ እጅሽን አንሺ» ብሎኝ ነበር። «ቤት ጠርጎ እንደ ማደስ ነው፤ ሲጠርግ ግን ዕቃውንም ይጥለዋል።» እጄን አነሣሁ። ካርዱን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። ያው ቃል መጣ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልደብቃችሁም። ይህቺ ሴት ሆን ብላ ነው አልኩ። ማሽኑ የማያነበው ካርድ ሰጥታኝ፣ ተደናብሬ አዝራሩን ስነካ አበቦቹ ይጠፋሉ። እሑድ በሕዝብ ፊት «የእናቷን ሞት የናቀች፣ አሁን ደግሞ የእናቷን አበባ አጠፋች» ትለኛለች። ካልነካሁትም መጎናጸፊያው አበባ የሌለው ሐረግ ሆኖ ይወጣል። በየትም በኩል ተይዣለሁ።

ካርዱን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ሽሙኤል የሰጣት ያ አሮጌ ካርድ አልነበረም፤ አዲስ ነው። በእኔ ላይ አንድ ተጽፏል፣ በእሷ ላይ ስልሳ አራት። ቁጥሩ ከበለጠ የሚሻል ነበር የመሰለኝ። ታዲያ ለምን እምቢ አለ?

በአውቶቡስ ወደ ማሃኔ ይሁዳ ወረድኩ። ከገበያው አጠገብ የስልክ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፤ በአንድ ጆሮው ስልክ እያወራ ሰማኝ። ካርዱ ፎርማት ስላልሆነ ነው፣ አሁኑኑ አደርግልሻለሁ አለኝና ከእጄ ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ውስጡ ያለው ይቀራል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ፤ እንደ አዲስ ንጹሕ ይሆንልሻል አለ። ባንኮኒውን ተሻግሬ ካርዱን በራሴ እጅ ነቀልኩት። ሰውዬው ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፣ ካልሺየም ያጠራት። ይሁን።

ከእሱ ዘንድ ባዶ ካርድ ገዛሁ። ያለው ትንሹ ሠላሳ ሁለት የሚል ነበር። ባዶውን ፎርማት አድርጎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስሰካው ማሽኑ ያችኑ ቃል ጻፈልኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ዓርብ ማለዳ ሁለቱንም ካርዶች፣ የእኔንም የእሷንም፣ በየብቻቸው ጠቅልዬ ኢትዮጵያ በሚባለው መንገድ ወጣሁ። የሽሙኤል ሱቅ የነበረው እዚያ ነው፤ ክብ ከሆነው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጥር አልፎ በሚገባው መተላለፊያ። ሱቁ አሁን ሌላ ሆኗል። ከጎኑ ግን አሮጌ ካሜራ የሚጠግን ቦሪስ የሚባል ሩሲያዊ እንዳለ አስታወስኩ። በሩ ገና እየተከፈተ ነበር። ዓርብ ስለሆነ ቀትር ላይ እዘጋለሁ አለኝ ሰላምታዬን ሳይጨርስ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ማሽኑ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ካርዱ አልተበላሸም፣ ፎርማት ስላልሆነም አይደለም አለ። ማሽኑ ሲሠራ እንዲህ ያለ ትልቅ ካርድ አልነበረም፤ ስለዚህ አያውቀውም። ስልሳ አራቱንም ሠላሳ ሁለቱንም ሺህ ጊዜ ፎርማት ብታደርጊው አያነበውም። ይህ ማሽን የሚፈልገው ከሁለት ጊጋ የማይበልጥ፣ በአሮጌው ዘዴ ፎርማት የተደረገ ካርድ ነው። እሱም ባዶ ከሆነ ብቻ ነው ፎርማት የሚደረገው፤ የሞላውን መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው።

እንዲህ ያለ ካርድ ስጠኝ አልኩት። ማንም አይሸጠውም አለ። መሳቢያውን ከፍቶ ሲፈልግ ቆየ፤ ከአንድ የተሰበረ ካሜራ ውስጥ አንድ አወጣ፤ ሰካው፤ የሞተ ነበር። የይታይሽን ካርድ በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ አሳየኝ። አበቦቹ ሁሉም አሉ። እዚያ ስክሪን ላይ ሳያቸው ወንበር ስጠኝ አልኩት።

ከዚያ በማሽንሽ ላይ ያለው ካርድ የታለ አለኝ። አወጣሁለት። አንድ ጊጋ፣ ከግማሽ በላይ ባዶ።

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። «አበቦቹን እዚህ ላይ ልገልብጥልሽ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።»

«አይሆንም» አልኩት።

«እንግዲያው ያንቺን ልደምስስና የእሷን ብቻ ልጫን።»

ካርዴን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁት። መሐላ ምን እንደሆነ ለዚህ ሰው እንዴት አድርጌ ልንገረው? በዓለም ላይ ማሽኔ የሚቀበለው አንድ ካርድ ብቻ አለ፤ እሱም የእኔው ነው፤ አበቦቹ ደግሞ እዚያ ላይ እንዳያርፉ በኦሪት ምያለሁ። ለኦሪት መጎናጸፊያ ብዬ የኦሪት መሐላ ላፈርስ ነው። ዝም ብዬ ባደርገው ማን ያውቃል? ቦሪስ አይናገርም። ግን አንድ ቀን ቢሰማ፣ ያ ሁሉ ስም የወጣልኝ ልክ ነበር ይባላል።

ውጭ ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆምኩ። ዝናብ ያረገዘ ቀን ነበር። ለብዙ ዓመት ያልደወልኩበትን የይታይሽን ቁጥር ቄሱን ጠይቄ ደወልኩ።

ድሮ እትዬ ትለኝ ነበር። አሁን ሃሎ ብቻ አለች። ነገሩን ባጭሩ ነገርኳት። ካርድሽ ትልቅ ነው፣ ማሽኔ አያውቀውም አልኳት። ቀዳሚው ካርድ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ልጇ ወደ አዲስ እንደ ገለበጠችው ነገረችኝ፤ የሚሻለውን መርጣ መግዛቷን ጨመረች። ተንኮል አልነበረም። ቅር አለኝ፤ ተንኮል ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ፈቃድሽን ነው የምጠይቀው» አልኳት። «በአንድ ካርድ ላይ ይሁን ብለሽ።»

«ሳልኖር አንዲት ነገር እንዳትነኪ» አለችኝ። «መጣሁ።»

ቦሪስን እንዳይዘጋ ለመንኩት። እያጉረመረመ ቆየ። ይታይሽ ከአውቶቡስ ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ ከሩቅ ለየኋት፤ አረጀች፤ በግራ እግሯ ታነክሳለች። ሰላምታ አልሰጠችኝም፤ እኔም አልሰጠኋትም። ገብታ ከቦሪስ ጀርባ ቆመች፤ «ፈቅጃለሁ፣ ገልብጠው» አለችው፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። አበቦቹ ወደ እኔ ካርድ ሲገቡ ሁለታችንም አየን። ሲጨርስ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት፣ የእኔን ለእኔ ሰጠኝ። ይታይሽ በእጄ ላይ ያለውን አየች።

«ያን ካርድ ከዓይኔ አላወጣውም» አለች። «እስክትጨርሺ ካንቺ ጋር ነኝ።»

አውቶቡሱ በዓርብ ግፊያ ተጨናንቆ ነበር። ቂርያት መናሔም ስንደርስ ሰንበት መግባቱን የሚያበስረው ጥሪ ሊነፋ ትንሽ ነው የቀረው። ካርዱን ሰካሁት። ሐረጉ ወጣ፤ ቀጥሎ አበቦቹ ወጡ። ይነበባል። ግን አንድ አበባ እንኳ ለመጥለፍ ጊዜ አልነበረም። ጥሪው ተነፋ። ማሽኑን አጥፍቼ ከነከፋዩ በነጭ ሻሽ ሸፈንኩት። ሰንበት እስኪወጣ ወደ ጊሎ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። ይታይሽም ገባት፤ ሻርፗን ፈታች፤ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ሆኖ ነው ጠላቴ ሰንበትን ቤቴ ያደረችው።

ያን ምሽት አንዳችን ላንዳችን ዳቦ ከማቀበል ያለፈ ቃል አልተነጋገርንም። ሌሊት የተኛችበት ክፍል በር ሲከፈት ሰምቼ ካርዱን ልትወስድ ተነሣች ብዬ ሮጥኩ፤ ውኃ ልትጠጣ ነው። እሷም እኔን ካርዱ አጠገብ ስታየኝ ልታጠፊው ነው መሰል ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ሁለታችንም ተመልሰን ተኛን።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በመስኮቱ ብርሃን ሲገባ ይታይሽ ሻሹን ገልጣ ከፋዩን አየችው። ሐረጉን በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች ወረደች። ጫፉ አጠገብ ሐረጉ የሚሳሳበት ቦታ አለ፤ የሽሙኤል ስህተት ነበር የሚመስለኝ።

«እዚህ ላይ ነው እጇ የደከመው» አለች፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «ከዚህ በኋላ ያለውን አበዙ መጥታ ታስጨርሰኛለች እያለች ነው የሠራችው። ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል።»

አፏን ያዘች። ቃሉ ግን አምልጧታል።

«መልክተኛ ልከሽብኝ እኔ ቀርቼ ከነበረ» አልኳት፣ «ምነው ምን ሆነች ቀረች አላለችም? ለምን አልተቆጣችኝም? እንዴት እየጠበቀችኝ ሞተች?»

ይታይሽ ከፋዩን መልሳ ሸፈነችው። ሻሹን አራት ጊዜ አስተካከለችው።

«አልላኩብሽም» አለች። «ላኪባት ብላኛለች። በየቀኑ ብላኛለች። ልኬያለሁ እላት ነበር። አልላኩም።»

«ለምን?»

«እኔ ነኝ ሳጥባት የከረምኩ። እኔ ነኝ ያጎረስኳት። አንቺ በመጨረሻዋ ቀን መጥተሽ ልጅ ልትሆኚ፣ እኔ ገረድ ሆኜ ልቀር?» ሻሹን ለቀቀችው። «ከዚያ ሞተች። ከዚያ ሰው ሲጠይቀኝ ልኬያለሁ አልኩ። ከዚያ ሽማግሌ ፊትም አልኩት። አንዴ ካሉት መመለሻ የለውም።»

ውጪ ብላት ደስ ይለኝ ነበር። አውቶቡስ የለም፤ እግሯ አይችልም፤ ሰንበት ነው። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስንት ዓመት ይህን ቃል ከአፏ ልሰማ ተመኝቻለሁ፤ ስሰማው ግን ደስታ አልመጣልኝም።

ሰንበት ሲወጣ ማሽኑን አበራሁት። አበቦቹ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ይታይሽ በስተኋላዬ ቆማለች። ያችን ቃል፣ ፎርማትን፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ራሴ ፈልጌ ማምጣት እንደምችል አውቅ ነበር፤ ሽሙኤል አሳይቶኛል። አንድ ጊዜ ብነካት የእሷ አበቦች ከእኔ ካርድ ይጠረጋሉ። የእናቴ ሐረግም አብሮ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ግን እሱ አልታየኝም። ጣቴ አየር ላይ ቆየ። ይታይሽ አየችው፤ ተዪ አላለችኝም። ስክሪኑን እያየች ጠበቀች።

የመጀመሪያዋን አበባ ነካሁ። መርፌው ወረደ።

ሲሠራ ሳለ፣ ፊቴን ሳልመልስ፣ ለሽማግሌዎቹ ትነግሪያቸዋለሽ አልኳት። እሑድ እነግራቸዋለሁ አለች።

እሑድ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ቄሶች በጃንጥላቸው፣ ከበሮ፣ ልጆች፣ ኦሪቱ የእኔን መጎናጸፊያ ለብሶ። ከፈረዱብን ሽማግሌዎች በሕይወት ያለው አያ ፈንታ ብቻ ነው፤ ከጸሎት ቤቱ በር አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ይታይሽ ወደ እሱ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ጎንበስ ብላ በጆሮው ሹክ አለችው።

«እ?» አለ አያ ፈንታ፣ እጁን ከጆሮው ጀርባ አድርጎ።

ደገመችው።

«ከበሮው ነው የሚጮኸው፤ አልሰማሁሽም። ጮክ በይ፣ ልጄ።»

ይታይሽ ቀና አለች። ዙሪያዋን አየች። በእኛ ሕንፃ ያሉት ሴቶች ሁሉ እዚያ ናቸው። የምትተወው መሰለኝ። ከበሮ መቺው ደግሞ ሽማግሌው አልሰሙም ሲሉት ይመስለኛል ልክ በዚያች ቅጽበት እጁን አቆመ።

«እናቷ ጠርታት ነበር!» ብላ ጮኸች። «ያልላኩባት እኔ ነኝ! ዋሽቼያችሁ ነበር!»

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። አያ ፈንታ እጁን ከጆሮው አወረደ።

«አሁን ሰማሁ» አለ። «እነሱም ሰሙ። እንግዲህ ካርዱ አንድ ይሁን።»

ሴቶቹ እንድስማት ጠበቁ። አልሳምኳትም። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልሰጠኋትም። አንዳንዶች ለምን ደነደንሽ ይሉኛል። ደረጃ ላይ ስም ሲያወጡልኝ የት ነበሩ?

ላነበባችሁኝ ሁለት ነገር ልተውላችሁ። የመጀመሪያው ቀላል ነው። አሮጌ ማሽን ካላችሁ ትልቅ ካርድ አትግዙለት፤ ከሁለት ጊጋ የማይበልጥ ፈልጉ፣ ባዶውን ብቻ ፎርማት አስደርጉ፣ ያላችሁን ሥራ ከአንድ ካርድ በላይ አኑሩ። እኔ አሁን ቦሪስ ባገኘልኝ በሌሎች ሁለት ካርዶች ላይ ገልብጬዋለሁ፤ አንዱ ጊሎ ነው።

ሁለተኛው ለመጻፍ ከብዶኛል። ከክሱ ቀን ጀምሮ ራሴን የምከላከለው በአንድ ቃል ነበር፦ ማንም አልጠራኝም። እሱን ባልኩ ቁጥር ሌላም ነገር አብሬ እናገር ነበር፤ እናቴ ስትሞት አልፈለገችኝም እያልኩ ነበር። ንጹሕ ለመሆን እናቴ ያልጠራችኝ ልጅ መሆን ነበረብኝ። ለሴቶቹ ብዬ አሥር ጊዜ ስለው፣ ሌሊት ለራሴ መቶ ጊዜ አምኜው ነበር።

ይታይሽ ስሜን አጠፋች፤ ይህ አይለወጥም። ግን እናቴ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል በየቀኑ ጠርታኛለች። አሁን ማታ መብራቱን ሳጠፋ የማስበው ስለ ይታይሽ አይደለም።